የለመደ ሁሉ የቤት እንስሳ አይደለም

ሐረር ላይ ማታ ማታ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል። አንዳንዴም ሰውየው በጥርሱ ከነከሰው እንጨት ላይ ይወስዳል። ታዲያ የቤት እንስሳ ሆነ? አልሆነም። ሰውን ለምዷል፣ በቃ።

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። መልመድ የአንድ እንስሳ የግል ጉዳይ ነው፤ ልጁ እንደ አዲስ መልመድ አለበት። የቤት እንስሳነት ግን በዘር ይወረሳል። ከብዙ ትውልድ እርባታ በኋላ ጠባዩም አካሉም ይለወጣል።

ዝሆን በእስያ ለሺህ ዓመታት ግንድ ጎትቷል፣ ጦር ሜዳም ዘምቷል። ግን በአብዛኛው ከጫካ ተይዞ የተገራ ነው። የእኛም ጥርኝ እንደዚያው። ለዝባዱ ሲባል በጠባብ የእንጨት ጎጆ ይታጎራል (ኑሮው አያስቀናም)፣ የሚያዘው ግን ከዱር ነው። አህያ ሌላ ነው፤ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ከዱር አህያ የወጣ እውነተኛ የቤት እንስሳ ነው።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ሙከራ አለ። በ1959 እ.ኤ.አ. ድሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ የሶቪየት የዘረመል ተመራማሪ በሳይቤሪያ የብር ቀበሮዎችን መርጦ ማራባት ጀመረ። የመረጣቸው በጠባያቸው ብቻ ነው፦ ሰው የማይፈሩ፣ የማይናከሱ። ጥቂት ትውልድ እንዳለፈ ቡችሎቹ ጅራታቸውን እየቆሉ ሰው ይልሱ ጀመር። ቆየት ብሎ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ጅራታቸው የተጠቀለለ፣ ፀጉራቸው ቡራቡሬ የሆነ መጡ። ለጆሮም ለቀለምም ብሎ የመረጣቸው ሰው አልነበረም።