በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ማን ለማን ተጠሪ ነው?

ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያጣ ወይም አምቡላንስ በነዳጅ እጦት ሲቆም ብዙ ሰው የሚወቅሰው ጤና ሚኒስቴርን ነው። ሚኒስቴሩ ግን ያንን ጤና ጣቢያ አያስተዳድርም። ባለሙያ አይቀጥርለትም፣ ደመወዝም አይከፍልለትም። የእሱ ድርሻ ፖሊሲና ደረጃ ማውጣት፣ ከለጋሾች ጋር መነጋገር፣ ክልሎችን መደገፍ ነው። የክልል ጤና ቢሮ ተጠሪነቱ ለክልሉ መንግሥት እንጂ ለሚኒስትሩ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ነገሩ ይለያያል። ጳውሎስ፣ አማኑኤልና አለርት ሆስፒታሎች የሚኒስቴሩ ናቸው። ዘውዲቱ፣ ምኒልክና የካቲት 12 በከተማው ጤና ቢሮ ሥር ናቸው። ጥቁር አንበሳ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ገጠር ላይ ዋናው ወሳኝ ወረዳው ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልል፣ ክልሉ ለወረዳ የድጎማ በጀት በጥቅል ይሰጣል። ለጤና ስንት፣ ለትምህርት ስንት፣ ለግብርና ስንት የሚለውን የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል። የበጀቱን አብዛኛውን ክፍል ደመወዝ ይበላዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ወረዳዎች አገልግሎት ሰማይና ምድር የሚሆነውም በአመዛኙ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። አስተዳዳሪው ለጤና ልቡን ከሰጠ ጤና ጣቢያው ይለወጣል። ካልሰጠ ከላይ የወረደው መመሪያ ወረቀት ላይ ይቀራል። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ በቦርዳቸው ውሳኔ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት መፈቀዱ ግን ትልቅ እፎይታ ነው። ጓንት ወይም መድኃኒት ሲያልቅ ከዚሁ ገንዘብ ይገዛሉ።

ተቋማቱ ሦስት እርከን አላቸው። ታችኛው ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል። መካከለኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ላይኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር አምስት ያህል ኬላዎች ይኖራሉ።

የሥርዓቱ ጉልበት ያለው ኬላው ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከየቀበሌው 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን መልምሎ ለአንድ ዓመት አሠለጠነ። ለአንድ ኬላ ሁለት ሆነው ተመደቡ። ኤክስቴንሽኗ ከኬላው ይልቅ መንደር ውስጥ እንድትውል ነው የታሰበው። መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ ወይ፣ ሕፃኑ ተከተበ ወይ፣ እናትየዋ የእርግዝና ክትትል ጀመረች ወይ ብላ ቤት ለቤት ትጠይቃለች። ኬላው መደርደሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር አለ። የአባወራው ስም፣ የልጆቹ ክትባት፣ የውኃውና የመጸዳጃው ሁኔታ እዚያው ይመዘገባል። ይህን ሁሉ የተሸከሙት ሴቶች ግን ለድካማቸው የሚመጥን ደመወዝና የትምህርት ዕድል አግኝተዋል ብሎ መናገር ይከብዳል።

ክትባት፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነፃ ይሰጣሉ። ለሌላው ወጪ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። አባወራው በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ የመክፈል አቅም የሌላቸውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ሪፈር ሲጻፍለት ነው። አባላትን በጣም የሚያስመርረው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» መባል ነው። ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፍለዋልና ምሬታቸው ተገቢ ነው።

ማኅበራዊ ድጋፉ በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ይሄዳል፤ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ሥራ እየሠሩ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም፣ ደግሞ በግብርና ሚኒስቴር ይመራል። ጤናና ማኅበራዊ ድጋፍ ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ በሴፍቲኔት የታቀፈችው ነፍሰ ጡር ናት። እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ሲረጋገጥ ከአካፋና ከድንጋይ ሥራው ወጥታ ክፍያዋ ይቀጥላል። በምትኩ የእርግዝና ክትትል ታደርጋለች፣ ኤክስቴንሽኗ የምትሰጠውን የጤናና የአመጋገብ ትምህርት ትከታተላለች።