ስፓር ቫርኒሽ ምንድን ነው? ለዓሣ ማጥመጃ ዘንግስ ለምን ይሆናል?

ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ተክለሃይማኖት ወረድኩና አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። «ቫርኒሽ አላችሁ?» አልኩ። «ለበር ነው ለመስኮት?» አለኝ ልጁ። «ለዓሣ ማጥመጃ ዘንግ» ስለው ዞር ብሎ ባለሱቁን አየ። ባለሱቁም ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አወረደልኝ። «ይሄን ውሰድ ወንድሜ፣ እንደ ድንጋይ ነው የሚደርቀው።»

ሰውየው በቅን ልቦና ነው የመከረኝ። ለበር ቢሆን ትክክል ነበር። ለዘንግ ግን እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ቅብ ጠላት ነው።

ቫርኒሽ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ማብረቅረቁን ነው። ዋና ሥራው ግን መከላከል ነው። እንጨቱን ከውሃና ከፀሐይ የሚለይ ስስ ቆዳ ነው። ውስጡ ዘይት፣ ሙጫና ማቅጠኛ አለ። ማቅጠኛው፣ ማለትም እንደ አኳራጅ ያለው፣ ለመቀባት እንዲመች የገባ ነው፤ ተኖ ይሄዳል። እንጨቱ ላይ የሚቀሩት ዘይቱና ሙጫው ናቸው።

ዘይቱ የሚደርቀው እንደታጠበ ልብስ አይደለም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ፈሳሽ የነበረው ጠጣር ይሆናል። ቤታችሁ የኑግ ዘይት ጀሪካን ካለ አፉን እዩት። ክዳኑ ዙሪያ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ በጥፍር ካልፋቁት የማይለቅ ነገር ታገኛላችሁ። ዘይቱ ራሱ ነው፤ አየር ሲያገኝ እንዲያ ሆኗል። የተልባ ዘይት ከኑግም በላይ ይደርቃል። ለብዙ ዘመን የቫርኒሽ ሠሪዎች ዋና ዘይት ሆኖ የኖረውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ሙጫው ሲበዛ ቅቡ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃል። ለጠረጴዛ የሚሆነው እሱ ነው፤ ብርጭቆ ቢጎተትበት አይጫርም። ዘይቱ ሲበዛ ግን ቅቡ ትንሽ ለስለስ ይላል፣ ይለጠጣል። ስፓር ቫርኒሽ የሚባለው ይህ ዘይቱ የበዛው ነው። ስሙ የመጣው ከመርከብ ነው። ስፓር ማለት የድሮ መርከቦች ሸራቸውን የሚሰቅሉበት ምሰሶና አግዳሚ ነው። ነፋስ ያጎብጠዋል፣ ባሕር ያረጥበዋል፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ይህን ሁሉ ችሎ የማይሰነጠቅ ቅብ ያስፈልገው ነበር።

የእኛም ዘንግ ኑሮው ያው ነው። ጠረጴዛ አይጎብጥም፤ ዘንግ ግን መንጠቆው በተወረወረ ቁጥር ይጎብጣል። አምባዛ ሲይዝ ደግሞ ጫፉ ውሃውን ሊነካ ይደርሳል። እንጨቱ ሲጎብጥ ላዩ ይለጠጣል። ቅቡ አብሮ ካልተለጠጠ ይሰነጠቃል።

እኔ ይህን ያወቅኩት የመጀመሪያውን የቀርከሃ ዘንጌን አበላሽቼ ነው። የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ቀባሁት፣ እንደ መስታወት ሆነ። ዝዋይ ሁለት ጊዜ ይዤው ሄድኩ። በሦስተኛው ፀሐይ ላይ አዙሬ ሳየው መሃሉ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ፀጉር አያስገባም፤ ውሃ ግን አስገብቷል። ከስሩ ቀርከሃው ጠቁሮ ነበር። ውሃ ከገባ በኋላ ደግሞ ቅቡ ራሱ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ አይደርቅም። ያን ዘንግ አሁንም ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሳየው ያመኛል።

ሌሎቹስ? ሸላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ በአልኮል ይሟሟል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መልኩም ያምራል። ውሃ ሲቆይበት ግን ይነጣል። ለሐይቅ አይሆንም። የሚረጨው ላከር ለቤት ዕቃ ጥሩ ነው፣ ለሚጎብጥ ነገር ግን ደረቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ፖሊዩሬቴን (ሙጫው ፕላስቲክ የሆነ ቅብ) ከተባለ ለውጭ የተሠራውን ምረጡ እንጂ የወለሉን አትውሰዱ።

ኤፖክሲን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ቦታ አለው። የክር ቀለበቶቹን ዘንጉ ላይ የሚያስረው የተጠመጠመ ክር ከቫርኒሽ የበለጠ ወፍራም ልብስ ይፈልጋል። ኤፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ሲቀላቀሉ ያለ አየርም ይጠነክራሉ። ለዘንግ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል ነው የሚቀላቀለው። በግምት አትሥሩ። ከፋርማሲ ሁለት ስሪንጅ ገዝታችሁ ለካችሁ ቀላቅሉ፤ ልኩ ከተዛባ ለዘላለም የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል። ከቀባችሁ በኋላ ደግሞ ዘንጉ ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። ኤፖክሲው ወደ ታች ይወርድና ሆድ ያወጣል። እስኪረጋ ድረስ በቀስታ መዞር አለበት። አንዳንዱ ትንሽ ሞተር ይገጥምለታል። እኔ ሁለት ወንበር ላይ አጋድሜ በየጥቂት ደቂቃው በእጄ ነው የማዞረው።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ቅቡን የሚያነጣውና የሚያላጠው ይኸው ጨረር ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ «ስፓር» ወይም «ማሪን» (የባሕር ማለት ነው) የሚል ፈልጉ፣ ጨረር መከላከያ እንዳለውም ጠይቁ።

አሁን ወደ ዘንጉ። ቀርከሃ ላዩ ሰም የመሰለ ልባስ ስላለው ቫርኒሽ አይዘውም። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ማሸት ያስፈልጋል። ግን ቀስ በሉ! የቀርከሃ ብርታት ያለው ከዚያው ቆዳ ስር ባለው ቀጭን ቃጫ ነው። እሱን ፍቃችሁ ካወረዳችሁት የዘንጉን ጉልበት ነው የፈቃችሁት። ሽመል የምንለው የቆላው ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ትንሽ ይምራችኋል፤ የደጋው ግን ክፍት ነው። እኔ ማብረቁ ሲጠፋ እና ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት ሲቀር አቆማለሁ።

የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ አቅጥኑት፣ ይጠጣዋል። የተቆረጡት ጫፎች ከሁሉም በላይ ውሃ ስለሚጠጡ እነሱን ደጋግሙ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ ይበቃል። ማብዛት አያጠነክረውም። ጫፉን ያከብደዋል፤ የከበደ ጫፍ ደግሞ ሲወረወር ይለግማል።

ክረምት ላይ ከቀባችሁ ታገሱ፤ ብርድና እርጥበት ማድረቁን ያዘገዩታል። በጋ ላይ ጠላታችሁ አቧራ ነው። እኔ መስኮት ዘግቼ፣ ወለሉን ውሃ ረጭቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ነው ብሩሽ የማነሳው። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ያስነሳል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በማግስቱ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል። አትመኑት። ውስጡ ገና ነው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እኔ ዘንጉን አፍንጫዬ ስር አድርጌ አሸተዋለሁ። ገና የሚሸት ከሆነ እንዲደርቅ ወደሰቀልኩበት ምስማር እመልሰዋለሁ። ሽታው ሲጠፋ ነው ክር የማስገባው።