የ2019ኙ ኤል ኤስ ዩ፦ 15 ጨዋታ፣ 15 ድል

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል «ከምንጊዜውም ምርጡ ቡድን የቱ ነው?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ክርክሩ በተነሳ ቁጥር ግን የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤል ኤስ ዩ) የ2019 ቡድን ስሙ አይቀርም። ኤል ኤስ ዩ በዚያ ዓመት 15 ጊዜ ተጫውቶ 15ቱንም አሸንፏል። 726 ነጥብ አስቆጥሯል። በተገናኙበት ሰዓት ከአገሪቱ አስር ምርጦች ተርታ የነበሩ ሰባት ቡድኖችን ጥሏል። እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ነጥብ የመጣው በማጥቃት ከማይታወቅ፣ ኳስ መወርወርም እምብዛም ከማይሆንለት ትምህርት ቤት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ የሚያጠቃው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት ሌላ አራት ያገኛል። ኳሱን ይዞ መሮጥም፣ ወደፊት መወርወርም ይቻላል። በተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ውስጥ ኳሱን ይዞ መግባት ወይም እዚያው ሆኖ መቀበል ተችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ አለው። ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ኳርተርባኩ ነው። ውድድሩ በኦገስት መጨረሻ ይጀምራል። አንድ ቡድን 12 መደበኛ ጨዋታ ያደርጋል፤ ጎበዙ ደግሞ ለኮንፈረንሱ (ለሚወዳደርበት የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) ዋንጫ ይጫወታል። በዚያን ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ።

ኤል ኤስ ዩ መቀመጫው ባተን ሩዥ ነው። ስታዲየሙ ከ102 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ከስታዲየሙ ማዶ ደግሞ የቡድኑ ምልክት የሆነ እውነተኛ ነብር ይኖራል፤ ማይክ ይባላል። ቡድኑ ከዚያ በፊት በ1958፣ በ2003 እና በ2007 ሻምፒዮን ሆኗል። የሚታወቀው በጠንካራ መከላከልና በሩጫ ነበር። ችግሩ ተቀናቃኙ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። አላባማ ኤል ኤስ ዩን ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎታል። በ2018ማ እዚያው ባተን ሩዥ መጥቶ 29 ለ 0 አድርጎት ሄደ። መቶ ሺህ ደጋፊ ፊት ባዶ እጅ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አሰልጣኙ ኤድ ኦርጀሮን የአካባቢው ልጅ ነው፤ ድምፁ ሻካራ፣ የንግግር ዘዬው ደግሞ የደቡብ ሉዊዚያና። ቀደም ሲል ከኦሌ ሚስ (ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) አሰልጣኝነት ተባሯል። ኤል ኤስ ዩንም በ2016 የተረከበው መጀመሪያ በጊዜያዊነት ነበር። ከ2018 በኋላ የማጥቃት ስልቱን ሊቀይር ወሰነና ገና 29 ዓመቱ የነበረውን ጆ ብሬዲን ከፕሮፌሽናሉ ክለብ ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አመጣ። ብሬዲ ከነባሩ የማጥቃት አስተባባሪ ከስቲቭ ኤንስሚንገር ጋር ተጣመረ። ተጫዋቾቹ በሜዳው ስፋት ተበትነው መሰለፍ፣ ኳሱም ቶሎ ቶሎ መውጣት ጀመረ።

ኳርተርባኩ ጆ ቡሮው ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተቀምጦ የቋሚነት ቦታ አጥቶ ነበር የመጣው። በ2018 ለኤል ኤስ ዩ 16 የተችዳውን ኳስ ወረወረ፤ ጥሩ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። በ2019 60 ወረወረ።

ብዙ ሰው የዓመቱ ወሳኝ ጨዋታ የአላባማው ነው ይላል። እኔ ግን ሁለተኛውን ሳምንት፣ ቴክሳስን እመርጣለሁ። ኦስቲን ላይ ኤል ኤስ ዩ 37 ለ 31 እየመራ፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልቀረም። ሦስተኛ ሙከራ ነው፤ 17 ያርድ ይቀረዋል። የድሮው ኤል ኤስ ዩ ቢሆን ኳሱን ይዞ ይሮጣል፣ ሰዓት ያቃጥላል፣ ከዚያ ኳሱን መትቶ ያስረክባል። ቡሮው ግን ሊወረውር ወደኋላ አፈገፈገ። የቴክሳስ ልጆች ከየአቅጣጫው መጡበት። አንድ ሁለት እርምጃ ወደፊት ገባ ብሎ አመለጣቸውና ለኳስ ተቀባዩ ለጀስቲን ጀፈርሰን ወረወረለት። ጀፈርሰንም ይዞት ነጎደ፤ 61 ያርድ፣ ተችዳውን። ጨዋታው 45 ለ 38 አለቀ። ይሄ ቡድን የድሮው እንዳልሆነ የታወቀው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጎርፍ ነው። ቫንደርቢልት 66 ገባበት፣ ፍሎሪዳ 42። የምር ያስጨነቃቸው ኦበርን ብቻ ነው፤ 23 ለ 20። ኖቬምበር 9 ተስካሉሳ ላይ ከአላባማ ጋር ሲገናኙ በእረፍት 33 ለ 13 ይመሩ ነበር። አላባማ ተንጠራርቶ ቢቀርብም 46 ለ 41 አለቀ፤ የስምንት ዓመት ዕዳም ተከፈለ። ዓመት ቀደም ብሎ በሰባት ተጨማሪ ጊዜ 74 ለ 72 ያሸነፋቸውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምንም 50 ለ 7 ሸኙት። ቡሮው በዚያ ምሽት ለስንብት ሲጠራ ስሙ በሉዊዚያና ፈረንሳይኛ አጻጻፍ የተጻፈበት ማሊያ ለብሶ ወጣ። ደጋፊው አበደ።

በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ጆርጂያን 37 ለ 10 ካሸነፉ በኋላ ቡሮው ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማንን ሽልማት ወሰደ። በንግግሩ ስላደገበት የኦሃዮ አካባቢ ድህነት፣ ከትምህርት ቤት ተርበው ሲመለሱ ቤታቸው በቂ ምግብ ስለማያገኙ ልጆች አነሳ። በቀናት ውስጥ ለአካባቢው የምግብ እርዳታ ድርጅት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን ደስታውም ሐዘኑም አብሮ መጣ። ጠዋት ላይ የኤንስሚንገር ምራት ወደ ጨዋታው ስትጓዝ በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሞተች። ኤንስሚንገር ግን ከቦታው አልቀረም። በዚያ ቀን ኤል ኤስ ዩ ኦክላሆማን 63 ለ 28 አሸነፈ። ቡሮው ከእረፍት በፊት ብቻ ሰባት የተችዳውን ኳስ ወረወረ፤ አራቱ ለጀፈርሰን ናቸው።

ፍጻሜው ጃንዋሪ 13፣ 2020 ኒው ኦርሊንስ ላይ ነበር፤ ለኤል ኤስ ዩ ከቤት እንደመጫወት ነው። ተጋጣሚው ክሌምሰን 29 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የመጣ ነው። 17 ለ 7 ሲመራ ብዙ ሰው ፈራ። ነገር ግን ከእረፍት በፊት ኤል ኤስ ዩ 21 ነጥብ በተከታታይ አስቆጠረና 42 ለ 25 አሸነፈ። ሌላው ኳስ ተቀባይ ጃማር ቼዝ ብቻውን 221 ያርድ ሰበሰበ።

ቡድኑ የተበተነው ወዲያው ነው። ብሬዲ ወደ ፕሮፌሽናሉ ክለብ ወደ ካሮላይና ፓንተርስ ሄደ። የመከላከል አስተባባሪው ዴቭ አራንዳ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆነ። የፕሮፌሽናሉ ሊግ (ኤን ኤፍ ኤል) ክለቦች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚወስዱበት በ2020 ምርጫ 14 የኤል ኤስ ዩ ልጆች ተወሰዱ፤ ከሁሉም ቀድሞ የተጠራው ቡሮው ነው፤ ሲንሲናቲ ወሰደው። ቼዝም ዓመት ዘግይቶ እዚያው ተከተለው። ኤል ኤስ ዩ በ2020 አምስት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ። በኦክቶበር 2021 ዩኒቨርሲቲውና ኦርጀሮን በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ሊለያዩ ተስማሙ፤ ውሉን ማፍረሱም 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስከፍል ነበር።