የቁመት ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ልጆች ቁመት አስተያየት የሌለው ሰው የለም። የሚወራው ግን ስለ አጥንት ነው፤ አጥንቱ ስለሚበቅልበት ልም አጥንት፣ በሐኪሞች አጠራር ስለ ካርቲሌጅ፣ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

«አጥንት ራሱ እየተለጠጠ ይረዝማል»

አይለጠጥም። በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አጠገብ የዕድገት ንጣፍ የሚባል ስስ ልም አጥንት አለ። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይባዛሉ፣ በረድፍ ይደረደራሉ፣ ከዚያም ይነፋሉ፤ አጥንቱን በይበልጥ የሚያስረዝመው ይህ መነፋት ነው። ቀጥሎ የደም ሥሮችና አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ገብተው ቦታውን በአጥንት ይተኩታል። የራስ ቅል ጣሪያ ግን በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ያለ ልም አጥንት በቀጥታ ይሠራል።

«የልም አጥንት ፕሮቲን መሙያ ብቻ ነው»

ኮላጅን ሁለት የተባለው ፕሮቲን ጠንካራ ቃጫ ይዘረጋል፤ አግሪካን ደግሞ ውኃ ስቦ ንጣፉን ይወጥረዋል። የአግሪካን ጂን ሲበላሽ ልጁ ቁመቱ አጭር ሊሆን ይችላል።

«ልጁ አጭር የሆነው በወላጆቹ ጥፋት ነው»

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። እናት በእርግዝናዋ የበላችው፣ ያየችው፣ የተረገመችው ሁሉ ይቆጠርባታል። እጅና እግርን በሚያሳጥረው አኮንድሮፕላዚያ በተባለው ሁኔታ የሚሆነውን እንይ። ኤፍጂኤፍአር3 የተባለ ፕሮቲን በዕድገት ንጣፍ ሕዋሳት ላይ ተቀምጦ ዕድገትን እንደ ልጓም ይይዛል። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደታወቀው፣ ይህን ፕሮቲን በሚያሠራው ጂን ላይ አንዲት ፊደል፣ ማለትም የጂኑ መልእክት ከተጻፈባቸው ቅንጣቶች አንዷ፣ ብትለወጥ ልጓሙ ከልክ በላይ ይጠብቃል። ይህ ሁኔታ ካላቸው ልጆች 80 በመቶ ያህሉ የተወለዱት መካከለኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው። በእነዚህ ልጆች ለውጡ ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን አዲስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአባት የዘር ሕዋስ ውስጥ የሚከሰት ሲሆን፣ ዕድሉም ከአባት ዕድሜ ጋር ይጨምራል። እናትን ለሚወቅሱ ሰዎች ይህ ቢነገር ደስ ይለኛል። ይህን ልጓም የሚያላላ ቮሶሪታይድ የተባለ በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት በ2021 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል።

«የቅልጥም መረቅና የኮላጅን ዱቄት ያስረዝማሉ»

መረቁ ይጣፍጣል፤ ይጠጣ። ኮላጅኑ ግን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድና ጥቃቅን ቁርጥራጭ ስለሚሆን፣ እንዳለ ሄዶ ዕድገት ንጣፍ ላይ አይለጠፍም። በቂ ፕሮቲን ለልጅ ያስፈልጋል፤ ሽሮውም እንቁላሉም ይሰጡታል።

«ወንድ ልጅ እስከ 25 ዓመቱ ይረዝማል»

ንጣፉ በአብዛኞቹ ልጃገረዶች በ15 ዓመት፣ በወንዶች በ17 ዓመት ገደማ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል። የሚዘጋው ደግሞ በወንዶችም ቢሆን የሴት ሆርሞን በምንለው በኤስትሮጅን ነው። በ1994 የተዘገበ አንድ የ28 ዓመት ሰው፣ ሰውነቱ ለኤስትሮጅን ምላሽ ስለማይሰጥ፣ ንጣፉ ሳይዘጋ 2 ሜትር ከ4 ሴንቲሜትር ደርሶ ገና እያደገ ነበር። ለሌሎቻችን ንጣፉ ክፍት መሆን አለመሆኑን የእጅ አንጓ ራጅ ያሳያል፤ ዱቄቱን ከመግዛት በፊት ይህን ማስነሳት ይሻላል።