«ወይ ስምንተኛው ሺህ!»

ልጅ አባቱን ከሰሰ የሚል ወሬ ሲሰሙ ትልልቅ ሰዎች ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» ይላሉ። ዘመኑ ከፋ፣ ነውር ቀረ፣ መጨረሻው ቀረበ ማለታቸው ነው። ለቀልድም ይሆናል፤ ሰነፉ ማልዶ ከተነሳ ስምንተኛው ሺህ ነው።

ቁጥሩ የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ይቆጠራል፤ ዓመተ ምሕረት ሲደመርበት ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ2018 ብንደምር 7518። ሰባቱ ሺህ አልፎ ስምንተኛው ውስጥ ነን ማለት ነው።

እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐረፈ፤ በእርሱ ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው። ሁለቱን ያገናኙ ሰዎች ለዓለም ሰባት ሺህ ዓመት ቆረጡላት። ሩሲያውያን እንኳ በራሳቸው ቆጠራ 7000 በሞላበት በ1492 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ሠንጠረዣቸው አልቆባቸው ሌላ ለማዘጋጀት ተገደዋል። በእኛ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ናዖድ «ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ» ብለው ለምነው ሊገባ ሲል እንዳረፉ በትውፊት ይነገራል። ልጃቸው ልብነ ድንግል ግን ገቡበት፤ በ1521 ሽምብራ ቆሬ ላይ በኢማም አህመድ ጦር ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ቢመር ምን ይገርማል?

የሥነ ፈለክ ሰዎች በሺህ አይቆጥሩም። ፀሐይ ከተወለደች 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ብርሃኗ ቀስ በቀስ ስለሚበረታ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ውቅያኖሶች ይተናሉ፤ ከ5 ቢሊዮን ገደማ በኋላ ደግሞ በእምብርቷ ያለው ሃይድሮጅን አልቆ አብጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። ይህን ከጴጥሮስ መልእክት «በትኩሳት ይቀልጣል» ጋር የሚያጋጥሙ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ሐዋርያው የፀሐይን ነዳጅ እየለካ አልነበረም፤ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ጠብቁ ማለቱ ነው። ቀኒቱንና ሰዓቲቱንማ ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ወንጌሉ ተናግሯል፤ ቀን ቆራጮቹ ይህን ዘለውት ነው።

የሚገርመው ስምንት ራሱ ክፉ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ከሰባተኛው ቀን ቀጥሎ የሚመጣው እሑድ ነው፤ መቃብሩ ባዶ የተገኘበት። የጥንት አባቶች የሚመጣውን ዓለም «ስምንተኛ ቀን» ያሉት ለዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» ሲሉ የከረሙት እናት እሑድ ቅዳሴ ቆመው ከሕዝቡ ጋር «የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ይላሉ።