አስፈሪ ፊልም በምን ያስፈራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አስፈሪ ፊልም የሚወዱትም የማይወዱትም ስለ አሠራሩ ሲያወሩ ደጋግመው የሚሏቸው ነገሮች አሉ። «ደሙ ነው የሚያስፈራው»፣ «ማስደንገጥ ቀላል ነው»፣ «አንዱን ያየ ሁሉንም አየ»። አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፤ ስህተታቸውም የሚመነጨው ፍርሃቱን ስክሪኑ ላይ ከመፈለግ ነው። ተመልካች የሚፈራው ቀጥሎ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ነው። ጨለማው ኮሪደር፣ ሲጢጥ የሚለው በር፣ ብቻዋን ቤት የቀረችው ልጅ፣ እነዚህ የዘውጉ ልማዶች ሁሉ ሥራቸው ይህን መጠበቅ መገንባት ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለማስደንገጥ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይበቃል»

በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» ውስጥ አንዲት ሴት በሌሊት የፓርክ አጥር ተከትላ ብቻዋን ትሄዳለች። የጫማዋ ኮቴ ይሰማል፤ ከኋላዋም ወደ አውሬ ትለወጣለች የምትባል የሌላ ሴት ኮቴ ይከተላል። ትንሽ ቆይቶ የኋለኛው ኮቴ ጸጥ ይላል። ሴትዮዋ እርምጃዋን ታፈጥናለች፣ ዞር ብላ ታያለች፣ ማንም የለም። ተመልካቹ አሁን አውሬ ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ፍሬኑ እንደ ድመት «ፍስስ» የሚል አውቶቡስ ድንገት ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን ያቀናበራት ይህች ትዕይንት እስከ ዛሬ ትቀዳለች።

ትዕይንቷ አራት ክፍል አላት፦ ማስጠንቀቂያው፣ የድምፁ መጥፋት፣ ዞር ሲባል ባዶ ሆኖ መገኘቱ፣ በመጨረሻም ካልተጠበቀ በኩል የሚመጣው ምት። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ይዘሉታል። ተመልካቹ ትንፋሹን ለቀቅ የሚያደርገው ግን እዚያ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ከጎደለ ምቱ የተዘጋጀ ሰው ላይ ያርፋል።

ድምፁን በተመለከተ፣ የሚያስደነግጠው ከፊቱ ከነበረው ጸጥታ ጋር ያለው ልዩነት እንጂ ከፍታው ብቻውን አይደለም። ስለዚህ ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ከምቱ በፊት ነፋሱን፣ የፍሪጁን ጥዝዝታ፣ የፌንጣውን ድምፅ አንድ በአንድ ይቀንሳል። ሙዚቃው ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጮኸ ከመጣ ለምቱ የቀረ ቦታ አይኖርም። ሌላው ጥፋት የጊዜ ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ ድምፁ ከምስሉ 6 ፍሬም፣ ማለትም ሩብ ሴኮንድ፣ ከዘገየ ዓይን የመጣውን ነገር ለይቶት ያድራል። ድንጋጤ ግን ከማሰብ ይቀድማል፤ ሰው በኃይለኛ ድንገተኛ ድምፅ ዓይኑን የሚጨፍነው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። አዋቂም ጀግናም የማያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ዘዴ በአንድ ፊልም ውስጥ በተመሳሳይ አካሄድ ሲደጋገም ደግሞ ሰውነት ይለምደውና ምላሹ ይደክማል።

«ደም በበዛ ቁጥር ፍርሃቱ ይጨምራል»

ደም መጸየፍን ያመጣል፤ መጸየፍና ፍርሃት ይለያያሉ። የተጸየፈ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ የፈራ ሰው ግን ዓይኑን መንቀል ያቅተዋል።

የ1960ው «ሳይኮ» የመታጠቢያ ቤት ግድያ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ቀረጻው ግን 7 ቀን ወስዷል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ የቢላው ድምፅ የተቀዳው ሐብሐብ መሰል ፍሬ በቢላ እየተወጋ ነው። ቢላው ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ የሚል ተመልካች ብዙ ነው። ያየው ግን እጅ፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ የመጋረጃ ቀለበት ነው፤ ቀሪውን የጨረሰው ራሱ ነው። የ1974ቱ «ቴክሳስ ቼይን ሶ ማሳከር» ስሙ ቄራ ያስመስለዋል፤ አዘጋጁ ቶቢ ሁፐር ግን ለወጣቶች የሚፈቀድ ደረጃ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ በማድረጉ የሚታየውን ደም በጣም ቀንሶታል። ተስፋው አልሠራም፤ ደም ሳይታይም ፊልሙ ከባድ ሆኖ ተገኘ።

«ጭራቁ ቶሎና በደንብ መታየት አለበት»

የ1975ቱን «ጆውስ» ልብ ብላችሁ እዩት። ለፊልሙ የተሠሩት ሜካኒካል ሻርኮች የአትላንቲክ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲገቡ በተደጋጋሚ ተበላሹ። አዘጋጁ ስቲቨን ስፒልበርግ ሻርኩን ማሳየት ሲያቅተው በሻርኩ ዓይን ከታች ወደ ላይ የሚያይ ካሜራ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ቢጫ በርሜሎች እና የሙዚቃ ደራሲውን የጆን ዊልያምስን ሁለት ኖታ ተጠቀመ። ሻርኩ በደንብ የሚታየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የዚያ ሙዚቃ አጠቃቀም ነው። ሙዚቃው ከመጣ ሻርኩ አለ። ሁለት ልጆች ከካርቶን በተሠራ የሻርክ ክንፍ ዋናተኞችን ሲያስደነግጡ ሰው ሁሉ ይራወጣል፣ ሙዚቃው ግን የለም፤ ፊልሙ ሕጉን አክብሯል። ተመልካቹ ሳያውቀው «ሙዚቃ ከሌለ ሰላም ነው» የሚለውን ይማራል። ከዚያ የፖሊስ አዛዡ በጀልባዋ ጫፍ ቆሞ የዓሣ ማባበያ እየወረወረ ሲነጫነጭ፣ ያለ አንዲት ኖታ፣ ግዙፉ ጭንቅላት ከጀርባው ብቅ ይላል። ትዕይንቱ ያን ያህል የሚሠራው ልማዱ አንድ ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት ስለተገነባ ነው። ያልተገነባ ልማድ ሊፈርስ አይችልም፤ ብዙ አዳዲስ ፊልሞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

«ጨለማው በበዛ ቁጥር የበለጠ ያስፈራል»

ምንም የማይታይበት ስክሪን አያስፈራም፤ ተመልካቹ ስልኩን ያያል። የሚያስፈራው ግማሹ የሚታይ ጨለማ ነው። በ1978ቱ «ሃሎዊን» ልጅቷ በር ተደግፋ ስትቆም ከጀርባዋ ያለው ክፍል ጥቁር ነው። የካሜራ ባለሙያው ዲን ከንዲ እዚያ የተደበቀውን ነጭ ጭምብል በመብራት መቀነሻ ቀስ በቀስ እንዲወጣ አደረገው። ገዳዩ አይንቀሳቀስም፤ ተመልካቹ ለካ እዚያው ቆሞ ነበር ብሎ ይደነግጣል። የፊልሙ ፍሬም (የምስሉ ክፈፍ) ሰፊ ነው፤ ተዋናይዋ በአንድ ጎን ስትሆን ሌላው ጎን ባዶ ይቀራል። ያን ባዶ ቦታ ሰው ዝም ብሎ ሊያየው አይችልም፣ ይፈትሸዋል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ምንም አለመኖሩ ፍርሃቱን ያቆየዋል።

«ሙዚቃው ማጀቢያ ብቻ ነው»

የ«ሃሎዊን» አዘጋጅ ጆን ካርፐንተር ፊልሙን ያለ ሙዚቃና ያለ ድምፅ ውጤቶች ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ ባሳየበት ጊዜ ሴትዮዋ ፈጽሞ አልፈራችም። እሱም ሙዚቃውን ራሱ ሠራው። የ«ሳይኮ» አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክም የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው፤ የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ሄርማን የጻፈውን የቫዮሊን ጩኸት ሲሰማ ሐሳቡን ቀየረ። በስልክ ድምፅ ማጉያ አስፈሪ ፊልም አይቶ «ምንም አያስፈራም» የሚል ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ፦ ትንሿ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አታወጣውም፣ የፊልሙ ግማሽ እዚያው ይቀራል። ጆሮ ማዳመጫ ያድርግ።

«ልማዱን ያወቀ ተመልካች አይፈራም»

ሂችኮክ ለፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ለትሩፎ የሰጠው ማብራሪያ ይህን ይመልሰዋል። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ሲያወሩ ከሥር ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካች ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል። የፈሩት ይደርሳል የሚለው አባባል የዚህ ዘውግ ሞተር ነው፤ ሰው መጨረሻውን እያወቀ መቼና ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። የ1996ቱ «ስክሪም» ገጸ ባሕርያቱ የአስፈሪ ፊልም ሕጎችን ጮክ ብለው ይዘረዝራሉ፣ ሆኖም ያስፈራል። ታዋቂዋን ድሩ ባሪሞርን በመክፈቻው ትዕይንት በመግደልም ኮከብ አይሞትም የሚለውን ሌላ ልማድ ይሰብራል።

በነገራችን ላይ፣ «ጥቁር ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይሞታል» የሚለውም እንዳለ አይወሰድም። የተነሡ ሙታን ሰዎችን ቤት ውስጥ በሚከቡበት በ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ዱዌን ጆንስ የተጫወተው ቤን ከቤቱ ሰዎች ሁሉ በመጨረሻ የሚቀረው ነው። ሙታኑ አልገደሉትም፤ የገደሉት ሊያድኑ የመጡት ታጣቂዎች ናቸው።

«ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል»

«ፓራኖርማል አክቲቪቲ» በ15,000 ዶላር ገደማ፣ በአዘጋጁ በኦረን ፔሊ የገዛ ቤት ተቀረጸ። በሌሊቱ ትዕይንቶች ካሜራው መኝታ ክፍል ውስጥ በማይንቀሳቀስ ማቆሚያ ላይ ነው፤ ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ሌሊቱ በፍጥነት ይሮጣል፣ ከዚያ ቆጠራው ድንገት ወደ መደበኛው ይመለሳል። ሁለት ሌሊት ያየ ሰው ሦስተኛው ላይ ሰዓቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ልቡ ይመታል፤ በሩ ገና አልተነቃነቀም።

በስልክ ይህን መሞከር የሚፈልግ ሰው ስልኩን በማቆሚያ ያስር፣ በሩ በፍሬሙ ጠርዝ እንዲገባ ያድርግ፣ ብርሃንና ፎከሱን ይቆልፍ፤ ካልቆለፈ ስልኩ በጨለማ ራሱ እያስተካከለ ምስሉን ያወዛውዘዋል። ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ጸጥታ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ለብቻው ይቅዳ፤ ኤዲት ሲደረግ ከምቱ በፊት የሚቀነሰው ድምፅ እሱ ነው። ያ ቅጂ ከሌለ ድምፁ ጥርቅም ብሎ ይቆረጣል፣ ተመልካቹም ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል።