ክረምቱ ሲወጣ ባዶ መደብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ኅዳር ሲገባ የሽንኩርትና የቲማቲም ችግኝ የሚዛወርበት መደብ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ መሰናዳት አለበት። ጓሮውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ከጎረቤት የተሰማ ምክር ነው።

«አፈሩ ለስላሳ እያለ ቶሎ ቆፍር»

ለክንድ ይቀላል፤ ለአፈሩ ግን ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በተለይ ጥቁሩ ዋልካ በእርጥቡ ሲቆፈር ይለወሳል፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ዶማ የማይሰብረው ጓል ይሆናል። ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጥታችሁ ጨብጡና በአውራ ጣት ጫን በሉት። ከተፈረፈረ ቆፍሩ፤ እንደ ሊጥ ተለጥጦ ጣት ላይ ከቀረ ሦስት አራት ቀን ጠብቁና እንደገና ሞክሩ። ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ መሬቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ አልፏችኋል፤ አጠጥታችሁ እስኪጠነፍፍ መቆየት ነው።

«መደብ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ለክረምት፣ አዎ። በበጋ ግን ከፍ ያለ መደብ በጎንም በአናትም ይደርቃል፤ የምታጠጡት ውሃ ወደ መሄጃው ይሸሻል። ለኅዳር ተከላ ከመሄጃው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ለጥቅምት ድንገተኛ ዝናብ ግን አንድ ማስተንፈሻ አፍ ተዉለት። ስፋቱ 1 ሜትር ይብቃው፤ ሲሰፋ እጅ መሃሉ ስለማይደርስ መርገጥ ይመጣል።

«ትኩስ እበት ኃይል አለው»

ያለው ኃይል ሥር የሚያቃጥል ነው፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ተከምሮ እየተገላበጠ ሦስት ወር ያህል የቆየ፣ ሽታው የጠፋ ፍግ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉ። ለ1 በ5 ሜትር መደብ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይበቃል። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ የምትተክሉበት መደብ ላይ ትኩስ እበት ጭራሽ አታስገቡ።

«እምቦጭ ለአፈር መርዝ ነው»

መርዝ አይደለም፤ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። አደጋው ሌላ ነው፦ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ቁራጩም ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ያላበበውን ብቻ ውሰዱ፣ ፀሐይ ላይ አጠውልጉት፣ ከትፋችሁ ከገለባ ጋር ከምሩት። አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ብቻውን ቢከመር ይሸታል። ክምሩም ጎርፍ ወደ ጣና ከሚወስደው ቦታ ይራቅ።

«አረሙን አቃጥለው፣ አመዱ ይበቃል»

ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። እሳት ከመሬት በታች ያለውን ሰርዶ አይነካም፤ በዶማ መቆራረጥም ያባዛዋል፣ እያንዳንዷ አንጓ ትበቅላለችና። ፈልፍላችሁ በእጅ ልቀሙና ድንጋይ ላይ አድርቁት። ማቃጠል የሚገባው በሽታ የመታው የቲማቲምና የድንች ግንድ ነው፤ እዚያው መደብ ላይም ዘንድሮ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አትመልሱ፣ ሽንኩርት ይግባበት።